እግር ያለው ሌንስ ለምን ይንቀጠቀጣል?

በወሎ፣ በደላንታ አምባ ላይ ካለችው ከወገል ጤና ወጥቶ ወደ ገደሉ ጠርዝ ለሚያቀና ሰው ሜዳው ሳይታሰብ ያልቅበታል። የስንዴና የገብስ ማሳ እስከ አፋፉ ድረስ ይዘልቅና ከዚያ ወዲያ መሬት የለም። ማዶ ባለው ገደል፣ በድርብርቡ ዐለት መሀል፣ አንድ ቀጭን ፈዛዛ ንብርብር ይታያል። በንብርብሩ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። በባዶ ዓይን ምን እንደሆኑ አይለዩም። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲታዩ ግን ሰው የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። በአንዱ አፍ ላይ አቧራ የለበሰ ወጣት ተቀምጦ ዐረፍ ብሏል።

ፎቶ አንሺው ትራይፖዱን አፋፉ ላይ ተክሏል። የካሜራውን ስክሪን ምስል አጉልቶ ወጣቱን ሲፈልግ ምስሉ ይርገበገባል፤ ይቆማል፤ ነፋስ ሲመጣ እንደገና ይርገበገባል። ከብቶቻቸውን እየጠበቁ ወደ እኛ የቀረቡ አንድ አዛውንት ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ሦስት እግር አለው። እግር እያለው ምን ያንቀጠቅጠዋል?»

«ነፋሱ ነው፣ አባባ።»

«አብሽር፣ ነፋሱ እስከ ረፋድ ነው። እንግዲህ ታገሠው።»

ፎቶ አንሺው ግን ብርሃኑ እንዳያመልጠው ሰግቷል። ከሌንሱ ጎን ያለችውን የምስል ማረጋጊያ ማብሪያ ነካት፤ አጠፋት፤ መልሶ አበራት። የቱ እንደሚሻል እርግጠኛ አልነበረም። ብዙዎቻችን «ትራይፖድ ላይ ማረጋጊያ ይጠፋል» የሚለውን ሕግ ካሜራ ከያዝንበት ጊዜ ጀምሮ ሰምተነዋል። ሕጉ ከየት እንደመጣና ለየትኛው ሌንስ እንደወጣ የሚነግረን ግን እምብዛም ነው። እኔ ሕጉ ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግማሽ እውነት ደግሞ እንዲህ ባለ ገደል ላይ ምስል ያበላሻል።

የአንድ ነጥብ ስፋት

መጀመሪያ ሂሳቡን እናስላ። ትልቅ ሴንሰር ባለው የተለመደ ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 6,000 ነጥቦች አሉት፤ የሴንሰሩ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዷ ነጥብ 6 ማይክሮ ሜትር ስፋት ይደርሳታል። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲታይ ይህች ነጥብ 100 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር፣ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ትሸፍናለች። በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ሙሉው ምስል 60 ሜትር ገደል ይይዛል፤ በጉድጓዱ አፍ የቆመ ሰው ደግሞ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ 170 ነጥብ ያህል ይሆናል።

አሁን ሌንሱን እንመልከት። የሌንሱ ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ጫፉ በ4 ማይክሮ ሜትር ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ምስሉ በአንድ ነጥብ ይሸሻል። 4 ማይክሮ ሜትር ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት እጅግ ያንሳል። የነፋስ ሽውታ፣ የጣት ንክኪ፣ የሻተሩ እንቅስቃሴ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ንቅናቄ ይፈጥራሉ። ትራይፖድ ክብደት ይሸከማል፤ የእጅን መወዛወዝም ያስቀራል። ፍጹም ዝም ያለ ነገር ግን አይደለም። የአዛውንቱ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ እግሩ አለ፣ ንቅናቄውም አለ፤ መጠኑና ፍጥነቱ ነው የተለወጠው።

ይህን ያህል ማስላት ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። ወገል ጤና በከበሩ ድንጋዮች ዓለም ስሟ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከተገኘባት ወዲህ ነው። በ2010 «ጄምስ ኤንድ ጄሞሎጂ» የተባለው መጽሔት ስለ ወገል ጤና ኦፓል ጥናት አወጣ። ድንጋዩ የሚገኘው ከገደሉ አናት ዝቅ ብሎ ባለ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተፈጠረ ስስ ንብርብር ውስጥ በመሆኑ ቆፋሪዎች ገደሉን ይዘው ወደ ጎን ይገባሉ። ጉድጓዶቹ ሲናዱ የሰው ሕይወት ቀጥፈዋል። ከጉድጓዱ አፍ በላይ ያለ የ2 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ከ500 ሜትር ርቀት ሲነሳ ምስሉ ላይ 4 ነጥብ ብቻ ነው። ሌንሱ በ4 ነጥብ ከተርገበገበ ስንጥቁ ከፎቶው ይጠፋል። ስንጥቁ የማይታይበት ፎቶ አደጋውን ለማያውቅ ሰው ገደሉ ደህና ነው የሚል ምስክርነት ይሰጣል። ስለዚህ የምስል ጥራት ጉዳይ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ማረጋጊያው ውስጥ ምን አለ?

በሌንሱ ውስጥ ጥቃቅን ጋይሮስኮፖች አሉ። ሌንሱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዞር ይለካሉ። ኮምፒውተሩ ልኬቱን ደምሮ ሌንሱ የዞረበትን ማዕዘን ያሰላል። ከዚያ በኤሌክትሮ ማግኔት የተንጠለጠሉ ጥቂት መስታወቶች ከንቅናቄው በተቃራኒ ይገፋሉ፤ ምስሉም ሴንሰሩ ላይ ቦታውን ሳይለቅ ይቆያል።

በእጅ ለሚያነሳ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። የድሮው የባለሙያ መመሪያ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ሲያዝ ሻተሩ ከ1/600 ሰከንድ እንዳይዘገይ ይላል። አራት እርከን የሚያግዝ ማረጋጊያ ይህን ወደ 1/40 ሰከንድ ግድም ያወርደዋል።

ካሜራው ውስጥ ሴንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ማረጋጊያም አለ። እሱ በአጭር ሌንስ ድንቅ ነው፤ በረጅም ሌንስ ግን ቦታ ያጥረዋል። ካሜራው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዘነበል በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሉ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሸሻል። ሴንሰሩ ይህን ያህል ርቆ ሊከተለው ስለማይችል በረጅም ሌንስ ዋናው ሥራ በሌንሱ ውስጥ ላለው ማረጋጊያ ይቀራል።

ትራይፖድ ላይ ችግሩ የሚመጣው ከጋይሮስኮፑ ባሕርይ ነው። ጋይሮስኮፕ ፍጹም ጸጥ ባለ ቦታ ላይ እንኳ ንጹሕ ዜሮ አይሰጥም፤ ትንሽ የተዛባ ቁጥር ይሰጣል። ሌንሱ እጅ ላይ ሳለ ይህ መዛባት በእጁ ንቅናቄ ተውጦ አይታወቅም። ሌንሱ ጸጥ ሲል ግን ኮምፒውተሩ መዛባቱን ይደምርና የሌለ ንቅናቄ ያያል፤ የሌለውን ንቅናቄ ለማረም መስታወቶቹን ያንሸራትታል። ሻተሩ ለሰከንዶች ክፍት ከሆነ ምስሉ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። አንዳንዴም መስታወቶቹ ሲንቀሳቀሱ የሚፈጥሩትን ንዝረት ጋይሮስኮፑ መልሶ ይለካዋል፤ ማረጋጊያውም ራሱ ያመጣውን ንዝረት ሲያሳድድ ይውላል።

ሕጉ የወጣለት ሌንስ

የሚለዋወጥ ሌንስ ላይ ማረጋጊያ በመግጠም ቀዳሚው የካነን 75-300 ሚሊ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ። በ1998 የወጣው 100-400 ሚሊ ሜትርም የዚያው ትውልድ ነው። እነዚህ ሌንሶች ትራይፖድ ላይ መሆናቸውን አያውቁም። መመሪያቸውም ትራይፖድ ላይ ማረጋጊያው ይጥፋ ይላል። ሕጉ የተወለደው እዚህ ነው፤ ለተወለደለት ሌንስም ትክክል ነበር።

በ1999 ግን ካነን ትልልቆቹን የ300፣ የ400፣ የ500 እና የ600 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ማረጋጊያ ገጥሞ አወጣቸው። እነዚህ የእጅ መወዛወዝ እንደሌለ ሲያዩ ትራይፖድ ላይ መሆናቸውን ለይተው አሠራራቸውን ይለውጣሉ። ሥራቸውም ትራይፖድ ላይ የሚቀረውን ደቃቅና ፈጣን ንዝረት ማረም ይሆናል። ኒኮንም በ2007 ባወጣቸው የ400፣ የ500 እና የ600 ሚሊ ሜትር ሌንሶቹ ትራይፖድ ላይ ለሚፈጠር ንዝረት የተዘጋጀ አሠራር አስገባ። እነዚህ ሌንሶች የሚያርፉት አብዛኛውን ጊዜ ትራይፖድ ላይ ነው፤ ማረጋጊያቸው እዚያ ላይ ባይሠራ ገዢው የከፈለው ገንዘብ ከንቱ በሆነ ነበር።

በእኛ አገር ነገሩ የሚወሳሰበው ሌንስ በሚመጣበት መንገድ ነው። አዲሱን ትልቅ ሌንስ ከሱቅ የሚገዛ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሌንስ ያገለገለ ነው፤ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ይዞት ይመጣል፣ ከአንዱ ፎቶ ቤት ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ለዜና ፎቶ አንሺ ይሸጠዋል። መመሪያው መንገድ ላይ ይቀራል። የ1998ቱ 100-400 እና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሶኒ 200-600 አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቀን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ለሁለቱ አንድ ሕግ መስጠት አይቻልም። ማረጋጊያ ይጥፋ ወይስ ይብራ ከመባሉ በፊት ሌንሱ የየትኛው ትውልድ ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ያወዛወዘው ማን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ምስሉ የተበላሸው በምን ምክንያት ነው? ማረጋጊያ የሚያርመው የሌንሱን ንቅናቄ ብቻ ነው። በደላንታ አፋፍ ላይ ግን ምስል የሚያበላሹ ነገሮች ብዙ ናቸው።

አንዱ ነፋስ ነው። ከገደሉ ሽቅብ የሚመጣ ነፋስ የሌንሱን ጥላ መከላከያ ይገፋል፤ ቀጭን የትራይፖድ እግርም ከሌንሱ ጋር አብሮ ይርገበገባል። ዘመናዊ ማረጋጊያ እዚህ ላይ በእርግጥ ያግዛል። እኔ ራሴ በነፋሻ ቀን፣ ሻተሩ ከ1/60 ሰከንድ በታች ሲሆን፣ ማረጋጊያው በርቶ የተነሱት ምስሎች ጠፍቶ ከተነሱት በግልጽ እንደሚሻሉ አይቻለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ ሌሎቹን ነገሮች ማስተካከል ይቀድማል። የመሀለኛውን ዘንግ ዝቅ ማድረግ፣ ከተቻለ ቀጫጭኖቹን የታች እግሮች አለመዘርጋት፣ ቦርሳውን መሬት እንዲነካ አድርጎ ማንጠልጠል፣ ከድንጋይ ካብ ጀርባ መጠለል፣ የሌንሱን ጥላ መከላከያ ማውለቅ።

ሌላው ካሜራው ራሱ ነው። ሴንሰሩ ፊት አንጸባራቂ መስታወት ያለው ካሜራ ሲያነሳ መስታወቱ ወደ ላይ ይመታል፤ የምቱ ንዝረት ከ1/60 እስከ 1/4 ሰከንድ ባለው የሻተር ፍጥነት ጎልቶ ይታያል። ከዚያ በፈጠነ ሻተር ንዝረቱ ምስሉ ላይ ብዙ አይመዘገብም፤ እጅግ ሲዘገይ ደግሞ ንዝረቱ ከጠቅላላው ጊዜ ትንሽ ድርሻ ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ መስታወቱን አስቀድሞ ማንሳትና በሰዓት ቆጣሪ ማንሳት ነው። መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ይህን ችግር አስወግደውታል።

የሌንሱ ክብደትም ተለውጧል። በ1999 የወጣው የካነን 600 ሚሊ ሜትር ከ5.3 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ለሚሸከም ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከወገል ጤና ፀሐይ መውጫ ወደተባለው ቦታ አፋፍ በእግር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን የቀለለ ሌንስ በነፋስ ቶሎ ይነቃነቃል። ስለዚህ ሌንሶች በቀለሉ ቁጥር ማረጋጊያ ትራይፖድ ላይም ይበልጥ እያስፈለገ መጥቷል።

ማረጋጊያ ፈጽሞ የማያርመው ግን አየሩን ነው። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቅ ሞቃት አየር ይነሳል፤ በሌንሱና በማዶው ግድግዳ መካከል ያለው አየር ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። ምስሉ የሚርገበገበው ሌንሱ ሳይነቃነቅ ነው፤ ጋይሮስኮፑ የሚለካው ነገር የለም። ብዙ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የተነሳ ብዥ ያለ ምስል አይቶ ሌንሱን ይወቅሳል፤ ትራይፖዱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የአየሩ ነው፤ መፍትሔውም በማለዳ መነሳት ወይም መቅረብ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በጠራበት የመስከረምና የጥቅምት ማለዳ ያልተነሳ የገደል ማዶ ፎቶ በየትኛውም ማብሪያ አይድንም።

በዚያው አፋፍ ላይ የቀደሙት

በዚህ አምባ ላይ ትራይፖድ ሲተከል የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ የጅጣን ሸለቆ ተሻግሮ ደላንታ አምባ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ በሽሎን ተሻገረ። ከጦሩ ጋር የንጉሣዊው መሐንዲሶች ክፍል ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ካሜራቸው ከባድ የእንጨት ሣጥን ነበር። የብርጭቆው ሰሌዳ በድንኳን ውስጥ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ነበረበት። ሌንሱ ለሰከንዶች ክፍት ስለሚሆን የሚነሳው ሰው እንዳይነቃነቅ ይነገረዋል። የትግራይ፣ የላስታና የወሎ ተራሮች ያን ጊዜ በፎቶ ተነስተዋል።

እነዚያ ሰዎች ማረጋጊያ አልነበራቸውም። ያላቸው ከባድ ትራይፖድ፣ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስና ትዕግሥት ነበር። ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ደቃቁን ንዝረት ይሸፍናል፤ ረጅም ሌንስ ያጎላዋል። ዛሬ እኛ ከማዶ ገደል የአንድን ሰው ፊት ለማየት ስንሞክር እነሱ ያልገጠማቸው ፈተና ነው የገጠመን፤ ስለዚህ የእነሱ ትዕግሥት ብቻውን አይበቃንም።

የሚሮጥ ጭላዳ፣ የሚዞር ካሜራ

በወሎ ገደላ ገደሎች ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። በመንዝ ጓሳ ተመራማሪዎችን የለመዱ ጭላዳዎች ስላሉ ፎቶ አንሺዎች በቅርብ ያነሷቸዋል፤ ጄፍሪ ከርቢ ከጓሳ ያነሳቸው ምስሎች እ.ኤ.አ. በ2017 «ናሽናል ጂኦግራፊክ» ላይ ወጥተዋል። እህል ይበላሉ ተብለው በሚባረሩበት ቦታ ግን ሰው አያስጠጉም። ከላሊበላ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው፤ እሱን ከርቀት ማንሳት ግዴታም ጨዋነትም ነው። ስለዚህ ረጅሙ ሌንስ።

ጭላዳው ሲሮጥ ማረጋጊያው አያቆመውም። ጎፈሩ በነፋስ ሲበተን ጎፈሩን ጥርት አድርጎ የሚያስቀረው ሻተሩ ነው፤ 1/1,000 ሰከንድ ላይ ደግሞ የትራይፖድ ንዝረትም ብዙ አይጎዳም። በዚህ ፍጥነት የማረጋጊያው ጥቅም ዓይን የሚያየውን ማርጋቱና ፎከሱ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማገዙ ነው።

እንስሳ የሚከተል ሰው ትራይፖዱ ላይ በነፃነት የሚዞር ጂምባል የተባለ መያዣ ይገጥማል። ይህ ግማሽ ትራይፖድ፣ ግማሽ እጅ ነው። ሌንሱ ሲዞር ማረጋጊያው ሆን ተብሎ የተደረገውን መዞር እንደ ስህተት ቆጥሮ እንዳይቃወም፣ ለመከተያ የተሠራውን ሁለተኛውን አሠራር መምረጥ ይገባል። ቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ላሊበላ በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዐለት ጠርዝ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያቀርቡ፣ ካሜራውን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ማዞር የተለመደ ነው። ማረጋጊያው በርቶ ከሆነ ምስሉ ሲጀምር ይጎተታል፣ ሲቆም ደግሞ አልፎ ሄዶ ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው ቀረጻ፣ ትራይፖዱ ጠንካራ ከሆነ፣ ማጥፋት ይሻላል።

መፈተሽ

ስለዚህ ምን እናድርግ? ትራይፖድ ላይ መሆኑን የማይለይ የቀድሞ ትውልድ ሌንስ ከሆነ ትራይፖድ ላይ ይጥፋ። ሻተሩ ከአንድ ሰከንድ በላይ ክፍት የሚሆን ከሆነ የትኛውም ሌንስ ቢሆን ይጥፋ። ዘመናዊ ሌንስ ሆኖ ነፋስ ካለ፣ ጂምባል ላይ ከሆነ ወይም እጅ ሌንሱን የሚነካ ከሆነ ይብራ። ከዚህ የተረፈውን የሚፈታው ፈተና ነው፤ ፈተናውም አንድ ረፋድ አይፈጅም።

ጠዋት አየሩ ሳይሞቅ ትራይፖዱን ተክለው 100 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጽሑፍ ወይም የድንጋይ ካብ ይምረጡ። ፎከሱን በእጅ ቆልፈው ሻተሩን 1/30 ሰከንድ ያድርጉ። ማረጋጊያው በርቶ አሥር፣ ጠፍቶ አሥር ያንሱ። ከዚያ 1/250 ላይ እንደዚያው፤ ከዚያ ነፋስ ሲነሳ እንደገና። ምስሎቹን አጉልተው ሲያዩ አንዱን ምርጥ ብቻ አይፈልጉ፤ ከአሥሩ ስንቱ ደህና እንደሆነ ይቁጠሩ። ገደል አፋፍ ላይ አንዴ የሚመጣ ብርሃን የሚፈልገው ደጋግሞ የሚሳካ ነገር ነው።

ውጤቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በሌንሱ መያዣ ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት፤ የትኛው ካሜራ፣ የትኛው ትራይፖድ፣ በየትኛው ፍጥነት ይብራ፣ መቼ ይጥፋ። ሌንሱ ሲሸጥም ወረቀቱ አብሮ ይሂድ። በአገራችን ሌንስ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ እውቀቱም አብሮት ቢተላለፍ ቀጣዩ ሰው በሌላ ዘመን ለሌላ ሌንስ የወጣ ሕግ ተሸክሞ ወደ ደላንታ አይወጣም። ያን ጊዜ ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ስንጥቅ ጥርት አድርጎ ያሳየናል፤ እኛም አይተን ለቆፋሪዎቹ መናገር እንችላለን።